ክብርት ስልከኛ እና የወንድሜ አንድ ፊደል

በየሰፈሩ፣ በየመሥሪያ ቤቱና በየዘመድ አዝማዱ መካከል የምትናገረውን የማትሰማህ አንዲት ሴት አትጠፋም። ጆሮዋ ደህና ነው። ችግሩ እንዲያውም ጆሮዋ ከመጠን በላይ ደህና መሆኑ ነው። አንተ አስበህ፣ አሳምረህ፣ ቃል መርጠህ ትናገራለህ፤ እሷ ቃልህን እንደ ሙዝ ልጣጭ ልጣ ትጥልና ከሥሩ ያለውን ትበላለች። ከሥሩ ምን እንደነበረ አንተ ራስህ የምታውቀው እሷ ከዋጠችው በኋላ ነው። እንዲህ ያለች ሴት አጋጥማኝ አታውቅም የሚል አንባቢ ካለ ወይ ገና አፉን አልፈታም፣ ወይ ደግሞ ሴትዮዋ ራሷ ናት።

የእኛዋ የምትኖረው በሦስተኛው ፎቅ፣ ከእኔ በር ፊት ለፊት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ትልቅ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የስልክ ማዞሪያ ላይ ተቀምጣ ሠርታለች። ከውጭ የሚደውለውን ሰው እየተቀበለች ወደሚፈልገው ክፍል ታገናኝ ነበር። በዚህ ጽሑፍ ክብርት ስልከኛ እላታለሁ። ማዕረጉን የሰጠኋት እኔ ነኝ፤ እስከ ዛሬም ይግባኝ ያለበት ሰው የለም።

ክብርት ስልከኛ ሰውን ሁሉ በአንቱታ ትቀበላለች፤ የስልክ ሥራ ያስለመዳት ነው። አንቱታዋ የሚዘልቀው ግን እስከ መጀመሪያው መልስህ ድረስ ብቻ ነው።

«እንደምን አደሩ?» ትላለች በሯን እየቆለፈች።

«ተመስገን፣ ደህና ነኝ» እላለሁ።

ማዳመጫው ዛሬም ጆሮዋ ላይ ያለ ይመስል አንገቷን ወደ ግራ ዘንበል ታደርጋለች። ከዚያም፦

«እሱን ሰማሁ። ምን ሆነህ ነው?»

በአንድ ትንፋሽ ከአንቱ ወደ አንተ! እኔ የሰባ አራት ዓመት ሰው ነኝ። ባርኔጣዬን ሳላደርግ ደረጃ አልወርድም፤ ጫማዬን ሳልወለውል የቆሻሻ ቅርጫት እንኳ አላወጣም። አንድ ቀን ቆጣ ብዬ «እህቴ፣ አንቱታዬ የት ገባ?» አልኳት።

«አንቱ የሚባለው ሰላም የሚለኝ ሰውዬ ነው» አለችኝ። «እኔ የማወራው ከኋላው ካለው ጋር ነው። እሱ ደግሞ ልጅ ነው፣ ምን ላድርግ?»

ሥራዋን የምትሠራውም እንደዚሁ ነበር። የተቆጣ ደዋይ ሲመጣባት ቶሎ አታገናኘውም፤ ስልኩ ይጥራ ትልና እስኪበርድለት ትጠብቃለች። የፈራውን በቀጥታ ታሳልፈዋለች። የሚዋሸውን «መስመሩ ተይዟል» ትለዋለች፤ መስመሩ ባዶውን ቁጭ ብሎ ሳለ። አለቆቿ ለምን እንደሆነ ሳያውቁት በዚያ ፋብሪካ ከስልክ የተነሣ ጠብ አልነበረም።

«እሺ ሰባት ዓይነት ነው» ትላለች። የሚያደርገው ሰው እሺ፣ የማያደርገው ሰው እሺ፣ እየሰማ የረሳው እሺ፣ «ተይኝ» የሚለው እሺ፣ የፈራው እሺ፣ የናቀው እሺ። «ስድስት ነው የቆጠርሽው» ስላት «ሰባተኛው አሁን አንተ ልትለኝ የተዘጋጀኸው ነው» አለችኝ። እሺ ብዬ ወደ ቤቴ ገባሁ። ኋላ ቁጭ ብዬ ሳስበው በእርግጥም ከስድስቱ ከአንዱም ጋር አይመሳሰልም።

ማቀዝቀዣዬ የተበላሸ ጊዜ ጠጋኙ ጋር ደወልኩ። እኔ ስልክ የማነጋግረው ስፒከር ከፍቼ፣ ቆሜ፣ በሬን ሳልዘጋ ነው። ሰውዬው «ነገ ልክ በሦስት ሰዓት እደርሳለሁ» አለኝ። ቀን ያለው፣ ሰዓት ያለው፣ የሚያምር ዓረፍተ ነገር። ክብርት ስልከኛ ከኮሪደሩ ላይ ትሰማ ኖሯል።

«ሥጋህን ወደ እኔ ቤት አምጣው» አለችኝ።

«ለምን? ነገ በሦስት ሰዓት ብሏል እኮ!»

«‹ነገ› ሲል ድምፁ ሸሸ። ሰውዬው ከተማ ውስጥም ያለ አልመሰለኝም።»

ሰውዬው በዘጠነኛው ቀን መጣ። እህቱን ሊድር ሌላ ከተማ ሄዶ ኖሯል። ሥጋዬ ግን በክብርት ማቀዝቀዣ ውስጥ በሰላም ከረመ።

የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ሠራተኛውን አዳራሽ ሰብስቦ «ከእናንተ መካከል አንድም ሰው ከሥራው አይነቃነቅም!» ብሎ የተናገረ ቀን ሰው ቆሞ አጨበጨበ። እሷ ከአዳራሹ ወጥታ መሳቢያዋን ባዶ ማድረግ ጀመረች። ማበጠሪያዋን፣ የሻይ ኩባያዋንና የፋብሪካውን የውስጥ ስልክ ቁጥሮች ዝርዝር በፌስታል ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች። በሦስተኛው ወር የስልክ ማዞሪያው ተዘጋ። «ይምል የነበረው ለእኛ አይደለም» ትላለች፤ «ራሱን እያባበለ ነበር።»

ተሳስታም ታውቃለች፤ ይህን ብደብቅ ታማኝ ጸሐፊ አልባልም። ከሕንፃችን ሥር ያለው ፀጉር አስተካካይ አንድ ቀን «ደህና ዋሉ» ያላት በተሰበረ ድምፅ ነበርና ክብርት «ሐዘን ደርሶበታል» ብላ ሦስቱንም ፎቅ ወጥታ ወርዳ ጎረቤቱን አስተባበረች። አሥራ አንድ ሰው ፊቱን አጨማድዶ ወደ ፀጉር ቤቱ ገባ፤ እኔም ባርኔጣዬን በእጄ ይዤ ከፊት ነበርኩ። ከመካከላችን አንዷ እንዲያውም ማልቀስ ጀምራ ነበር። ሰውዬው ጥርሱን ተነቅሎ ነው። አፉ በጥጥ ስለተሞላ ማስረዳት አልቻለም፤ በመጨረሻ ጥርሱን ከኪሱ አውጥቶ አሳየን። ክብርት ስልከኛ አላፈረችም።

«ጥርስም ቢሆን አርባ ዓመት አብሮት የኖረ ነው» አለች፣ ወንበር ስባም ተቀመጠች።

እኔ ግን የቃል ሰው ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ አስተማሪዬም እኔው ነበርኩ። የመጋዘን ሠራተኛ ሆኜ በጆንያና በካርቶን ላይ የተጻፈውን ከውስጡ ካለው ዕቃ ጋር እያስተያየሁ ነው የጀመርኩት። «እርጥበት አይንካው» የሚለውን ብቻዬን ካነበብኩበት ቀን ወዲህ የሚያቆመኝ አልተገኘም። አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ ሌላው ሰው ያነበበለትን አምኖ ለኖረ ሰው የተጻፈ ቃል ቀልድ አይደለም። ስለዚህ ከክብርት ጋር በደረጃው ላይ ለዓመታት ተሟግተናል።

«ቃሉ ተጽፎ ይቀመጣል» እላታለሁ፤ «ድምፁ ግን የት አለ? እስቲ አሳዪኝ።»

«ይኸው» ትላለች ጆሮዋን ይዛ።

ክርክሩን ማን እንዳሸነፈ ለመናገር ወደ ታላቅ ወንድሜ መሄድ አለብኝ።

ታላቅ ወንድሜ አናጢ ነው፤ ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ፊደል ላስተምርህ እያልኩ አሥር ዓመት ለምኜዋለሁ። «እንጨቱ ማንበብ አይችል፤ እኔ ብቻዬን ችዬ ምን ልሆን?» ይለኝና ጆሮው ላይ ከሰካው እርሳስ ጋር ወደ መላጊያው ይመለሳል። ጣውላው ላይ የሚጭራቸውን ምልክቶች ከእሱ በቀር የሚያውቃቸው የለም። በእነዚያ ምልክቶች የተሠራ በር ግን ዛሬም በየሰው ቤት ያለ ድምፅ ይከፈታል፣ ያለ ድምፅ ይዘጋል።

ባለፈው ዓመት ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁ ዛለ፤ ቃልም ጠፋው። ከአፉ የምትወጣው አንዲት «እ» ብቻ ሆነች። ከሁሉ የባሰው ግን የምንለው ነገር የማይገባው መሆኑ ነው። «እጅህን አንሳ» ቢሉት አያነሳም። «በሩ የቱ ነው?» ቢሉት ጣሪያውን ያያል፤ ዕድሜውን ሁሉ በር የሠራ ሰው!

በሳምንት ሦስት ቀን ወደ ማገገሚያ ክፍል እንወስደው ጀመር። የንግግር ባለሙያዋ ወጣት ናት፤ ትዕግሥቷ ግን የወጣት አይደለም። ስድስት ሳምንት ሞከረችው። በስድስተኛው ሳምንት መጀመሪያ ላይ የሕክምና ካርዱን ገልጬ አንድ ቃል አገኘሁ። ማንበብ ስለምችል አገኘሁት፦ «አይረዳም።»

ሃያ ስምንት ዓመት ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ኖሬ፣ ያን ቃል ባላነበብኩት ብዬ ተመኘሁ።

ባለሙያዋ ጨካኝ ሆና አይደለም። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ተራ የሚጠብቀው ሕመምተኛ ብዙ ነው። ዓርብ የመጨረሻው ምርመራ ይደረጋል፤ ዓርብ ዕለት ለንግግር ምንም ምላሽ ካልሰጠ ቦታው ለሌላ ይለቀቃል። ከዚያ ወዲያ ወንድሜን የሚያስተምረው የለም፤ ግድግዳ እያየ መቀመጥ ነው። በቤቷ የምታስታምመው ልጁ፣ አስተማሪ ናት፣ ገና ከአሁኑ እሱ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ «አባዬ እኮ ተጫዋች ነበር» ማለት ጀምራለች። ያቺ «ነበር» ካርዱ ላይ ካለው ቃል አላነሰችብኝም።

እኔም እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። የቃል ሰው አይደለሁ? ካርቶን ቆርጬ፣ ወፍራም ቀለም ገዝቼ «ውሃ»፣ «አልጋ»፣ «ወንድምህ ነኝ» ብዬ በትልልቁ ጻፍኩና ፊቱ ላይ አቆምኩ። ጤነኛ ሳለ ያላነበበ ሰው ታሞ እንዲያነብልኝ! ወንድሜ «ወንድምህ ነኝ» የሚለውን በግራ እጁ ተቀብሎ አገላበጠው። አውራ ጣቱን በካርቶኑ ጠርዝ ላይ አስኬደ። ቀጥ ብሎ አልተቆረጠም ነበርና ፊቱን አጨፍግጎ መለሰልኝ።

ሁለተኛው ስሕተቴ ይህን ያህል አያስቅም። ቃሉ በደንብ ይግባው ብዬ ቤተሰቡን ሰበሰብኩና ሥርዓት አወጣሁ፦ ከእንግዲህ እሱን የሚያናግር ሁሉ ቀስ ብሎ፣ ቃል በቃል፣ ድምፁን ከፍ ዝቅ ሳያደርግ፣ ሳይስቅና ሳያለቅስ ይናገር። «ጋሼ። ውሃ። ትፈልጋለህ።» ሁላችንም የባቡር ጣቢያ ማስታወቂያ ሆንን። ልጁ እንኳ «አባዬ። እንደምን። አደርክ።» ትለው ጀመር። እሱም ቀን በቀን ዓይኑን ከእኛ እያነሳ ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔ ደግሞ ሕመሙ ባሰበት ብዬ ቃሉን ይበልጥ አቀዘቀዝኩት።

ረቡዕ ቀን ደረጃው ላይ ክብርት ስልከኛ አገኘችኝ።

«እንደምን ዋሉ?»

«ደህና።»

አንገቷ ወደ ግራ ሄደ። «እሱን ሰማሁ። ምን ሆነህ ነው?»

በዚያ ቀን ስለ አንቱታዬ አልተከራከርኩም። ባርኔጣዬን አውልቄ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩና ሁሉንም ነገርኳት፤ ካርዱን፣ ዓርብን፣ «ነበር»ን። እሷ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«በምን ድምፅ ነው የምታናግሩት?»

ሥርዓቱን ያወጣሁት እኔ በመሆኔ ኮራ ብዬ አሳየኋት። «ጋሼ። ውሃ። ትፈልጋለህ።»

«እኔም አልገባኝም» አለች። «ወንድምህ ነህ ወይስ ሰዓት ነጋሪ? ሽቦውን በእጃችሁ ቆርጣችሁ ሃሎ ሃሎ ትላላችሁ!» ከዚያ ቁልፏን እያወጣች «ዓርብ በስንት ሰዓት ነው?» አለችኝ።

ዓርብ ጠዋት ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን በብብቷ ይዛ መጣች። የማገገሚያው ክፍል አንድ መስኮት፣ አንድ ጠረጴዛና አራት ወንበር አለው። ወንድሜ ግድግዳውን ያያል። ልጁ ከአጠገቡ ናት፤ እኔ ቆሜያለሁ። ባለሙያዋ ሥዕሎቹን ደረደረች። «ማንኪያውን ያሳዩኝ።» ምንም። «ዓይንዎን ይጨፍኑ።» ምንም። ሃያ ጥያቄ ጠየቀች፤ ሃያ ጊዜ ግድግዳው መለሰላት። እስክሪብቶዋን ወደ ካርዱ አስጠጋች።

«የኔ ልጅ» አለች ክብርት ስልከኛ፣ «ከመጻፍሽ በፊት አንድ ጊዜ እኔ ላናግረው?»

«እናቴ፣ አይረዱም እኮ። አዝናለሁ።»

«እሱን ሰማሁ። አንቺ ራስሽ መጻፉን አልፈለግሽውም፤ ድምፅሽ እኔን እየለመነኝ ነው።»

ባለሙያዋ እስክሪብቶውን አስቀመጠች።

ክብርት ከቦርሳዋ አንድ ያረጀ ወረቀት አወጣች። ከመሳቢያዋ ይዛው የወጣችው የፋብሪካው የውስጥ ስልክ ቁጥሮች ዝርዝር ነው። ወንበሯን ወደ ወንድሜ አስጠግታ፣ ትልቅ ምስጢር እንደያዘች ሴት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጥገና ክፍል... ሁለት መቶ አራት!» አለችው። «ቀለም ክፍል ደግሞ... አይ፣ አልነግርህም... ሁለት መቶ አምስት!»

ወንድሜ ዓይኑን ከግድግዳው ነቀለ። ጆሮውን አስጠጋ። «እ?» አለ። ከዚያስ? ማለቱ ነበር፤ ለማንኛችንም መተርጎም አላስፈለገውም።

የልጁ እጅ አፏ ላይ ሄደ። ባለሙያዋ ግን ሥራዋን የምታውቅ ናት። «ፊትዎን አይተው ሊሆን ይችላል» አለች። «የፊት ገጽታ ብዙ ይናገራል።»

«ልክ ነሽ» አለች ክብርት ደስ ብሏት። «ስልክ የት አለ?»

በኮሪደሩ ጫፍ፣ እንግዳ መቀበያው ላይ ስልክ ነበር። የልጁን ቁጥር ይዛ ሄደች፤ የጫማዋ ኮቴ ራቀ፤ በር ተዘጋ። የልጁ ስልክ ጠራ። ስፒከሩን ከፍታ በወንድሜ ጆሮ አጠገብ ያዘችለት።

«ሽመና ክፍል፣ ሦስት መቶ አንድ!» ቁጣ። ያስነጠስክበትን ሳህን ለእንግዳ ስታቀርብ እንደያዘችህ ሚስት። ወንድሜ አንገቱን ሰበረና እንደ ጥፋተኛ ወለሉን አየ።

«ክር ማከማቻ... ሦስት መቶ ሰባት...» ሐዘን። ወንድሜ ግራ እጁን አንሥቶ ስልኩን ደባበሰው። ስልኩን! «እ... እ...» አለው፤ አይዞሽ ብሎ።

«አቤት! ግሩም! ድንቅ እኮ ነው፣ መጋዘን ሦስት መቶ ዘጠኝ!» የሽሙጥ ሙገሳ፤ ጠማማ መደርደሪያ ሠርቶ ላሳየ ሰው የሚሰጠው። ወንድሜ በአፍንጫው ሳቀ። ስትሮኩ ከመታው ወዲህ የመጀመሪያው ሳቁ ነበር። ሲስቅም ወደ እኔ ነው ያየው፤ ካርቶኔን አስታውሶ እንደሆነ እስከ ዛሬ እጠረጥራለሁ።

ባለሙያዋ ትጽፍ ነበር። ሳትቀመጥ፣ ቆማ ትጽፍ ነበር።

የመጨረሻው ቁጥር መጣ። «ጥበቃ ክፍል፣ አራት መቶ!» ደስታ። ሳቅ ያለበት፣ ፍክት ያለ ድምፅ። እኛ ሦስታችንም ፈገግ አልን። ወንድሜ ግን ፈገግ አላለም። ግንባሩን ቋጠረ፤ ወደ ስልኩ አጎነበሰ፤ ቀስ ብሎ፣ ወደ ላይ በሚጠይቅ ድምፅ «እ...?» አለ።

ስልኩ ተዘጋ።

«ይኼን አልለየውም» አለች ባለሙያዋ ዝቅ ብላ። «ደስታ ነበር እኮ።»

በሩ ተከፈተ። ክብርት ስልከኛ ዓይኗን በመሐረብ እየጠረገች ገባች።

«ደስታ አልነበረም» አለች። «ባይሳካስ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ፍርሃቴን በሳቅ ሸፍኜ አነበብኩት። ያዘኝ!» ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። «ሠላሳ አንድ ዓመት በዚያ ሽቦ ላይ የሰው ጉድ ሁሉ ሰማሁ። ‹አንቺስ ምን ሆነሽ ነው?› ያለኝ ሰው ግን ይኼ የመጀመሪያው ነው።»

ወንድሜ ጤነኛ እጁን ዘርግቶ ጉልበቷን መታ መታ አደረገ። «እ» አላት። በዚያ ክፍል ውስጥ ከዚያ የተሻለ ዓረፍተ ነገር አልተነገረም፤ እኔም እዚያው ነበርኩ።

ልጁ እያለቀሰች «አባዬ!» አለችው። እንደ ባቡር ጣቢያ አይደለም፤ እንደ ልጅ። እሱም ዞረ።

ባለሙያዋ ያስረዳችንን እኔ ኋላ በመጽሐፍም አይቼ አረጋግጫለሁ። የአንጎል ሁለቱ ክፍሎች እየተቀባበሉ ነው የሚሠሩት፤ ነገር ግን ለአብዛኛው ሰው ቃልና ሰዋስው በግራው ይበረታል። ድምፅ ከፍ ዝቅ ሲል ቁጣውን ከፌዝ፣ ሐዘኑን ከደስታ ለመለየት ደግሞ ቀኙ ትልቅ ድርሻ አለው። የወንድሜ ጉዳት በግራው በኩል ነው። ይህን ሁሉ በትዕግሥት ስትነግረን ክብርት ራሷን እየነቀነቀች ሰማቻት።

«ገባኝ» አለች። «ሁለት መቶ አራት ተቃጥሏል፤ ሁለት መቶ አምስት ይሠራል። እናንተ ስድስት ሳምንት ሙሉ የምትደውሉት በተቃጠለው ነው።» ወደ እኔ ዞረች። «ደግሞ የሚሠራውን አንተ ዘጋህበት።»

ዘግቼበት ነበር። ይህን የጻፍኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እንድደግመው የሚጠይቀኝ አይኑር።

ባለሙያዋ ካርዱን አነሳች። «አይረዳም» በሚለው ላይ ረጅም መስመር ሰረዘች፤ ከበላዩም ጻፈች። ክብርት መሐረቧን ከዓይኗ ሳታነሳ «አንብብልን» አለችኝ። ባርኔጣዬን አውልቄ፣ ሕይወቴን ሙሉ አንብቤበት በማላውቀው ድምፅ አነበብኩት፦ «በድምፅ ይረዳል። ሥልጠናው ይቀጥል።» ሁለተኛውን ጊዜ ያነበብኩት ማንም ሳይጠይቀኝ ነው። ወንድሜ ቃሉ ባይገባውም የምሥራች መሆኑን ከድምፄ አውቆ፣ ጤነኛ እጁን እንደ ዘማች ወደ ላይ ሰቀለ። ስድስት ሳምንት ሙሉ «እጅህን አንሳ» ሲባል ያላነሣውን እጅ!

ሥልጠናው ቀጠለ። ባለሙያዋ ቃሉን በዜማ እያስገባች፣ በእንጉርጉሮ እያለማመደች ታስተምረዋለች። በቤትም የእኔ ሥርዓት በሙሉ ድምፅ ተሽሯል፤ ይሳቃል፣ ይቆጣል፣ ይፎከራል። ክብርትም እየመጣች «እሱን ሰማሁ። ምን ሆነህ ነው?» ትለዋለች። በአምስተኛው ወር የመጀመሪያዋን ቃል ተናገረ። ቤተሰቡ ሁሉ «ውሃ» ወይም የልጁን ስም ይጠብቅ ነበር። እሱ ግን እኔ ግድግዳው ላይ የሰቀልኩትን መደርደሪያ አይቶ «ጠማማ» አለ። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

አሁን ክብርት ስልከኛ የለችም። አትደንግጡ፤ ልጇ ወልዳ ሌላ ከተማ ልታርሳት ሄዳ ነው፤ ሁለት ወር ትቆያለች። ደረጃችን ሰላም ሆኗል። የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ «እንደምን አደሩ?» ይለኛል፤ «ደህና ነኝ» እላለሁ፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ያልፋል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንቱ ነኝ። ለዓመታት የታገልኩለትን ክብር ሙሉ በሙሉ አግኝቻለሁ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ወንድሜ ዘንድ ሄድኩ። ከዎርክሾፑ በር ላይ ተቀምጦ በግራ እጁ እንጨት በብርጭቆ ወረቀት ያሽ ነበር። ባርኔጣዬን ሰቀልኩ፣ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ደህና ነህ ጋሼ?» አልኩት። «እኔ ደህና ነኝ። ሁሉም ደህና ነው።»

እጁ ቆመ። አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል አደረገ። ከዚያ አንዲቷን ፊደሉን ወሰደና፣ ከፍታዋንና ዝቅታዋን ሳያዛባ፣ በዚያች ሴትዮ ዜማ እንዲህ አለኝ፦

«እእ እእእ። እ እእ እ?»

ሳቅሁ። ስቄም ስቄም፣ በመጨረሻ የቃል ሰው ነኝና በቃል ነገርኩት፦ «ናፈቀችኝ ጋሼ።»

ወንድሜ በብርጭቆ ወረቀቱ የደረት ኪሴን ጠቆመኝ። ስልኬ ያለው እዚያ ነው። አውጥቼ፣ ስፒከሩን ከፍቼ ደወልኩ። ሁለት ጊዜ ጠራ።

«ሃሎ፣ ማን ልበል?» አለች፤ እንደ ሁልጊዜው በአክብሮት።

«እኔ ነኝ» አልኩ ጉሮሮዬን ጠርጌ። «እንዲያው ደህንነትሽን ለመጠየቅ ያህል ነው። እኔ ደህና ነኝ።»

ዝም አለች። ያን ሁሉ መንገድ አልፎ፣ አንገቷ ወደ ግራ ዘንበል ሲል ሰማሁት።